ኢናላፕሪል ወይስ ሎሳርታን? ለግፊት፣ ለኩላሊትና ለልብ የሚታዘዙ ሁለት የመድኃኒት ቤተሰቦች ሲወዳደሩ

ለደም ግፊት፣ ለልብ ድካም ወይም ለስኳር ሕመም ክትትል የሚያደርግ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ከሁለት የመድኃኒት ቤተሰቦች አንዱ ይታዘዝለታል። የአንደኛው ቤተሰብ አባላት ስማቸው በ«ፕሪል» ያልቃል፤ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ራሚፕሪል። የሁለተኛው በ«ሳርታን» ያልቃል፤ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንደሳርታን፣ ቴልሚሳርታን። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣው ካርቶን ላይ ኮዛር፣ ዲዮቫን ወይም ሚካርዲስ የሚል ስም በትልቁ ቢታተምም፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ከእነዚሁ አንዱ ነው። ኮዛር ሎሳርታን፣ ዲዮቫን ቫልሳርታን፣ ሚካርዲስ ደግሞ ቴልሚሳርታን ነው። አገር ውስጥ የገዙትን ሎሳርታን እየወሰዱ የተላከልዎትን ኮዛር ቢጨምሩበት ያንኑ መድኃኒት በእጥፍ መውሰድዎ ነው።

«የቱ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ የግፊት መለኪያው ቁጥር አይመልሰውም። ቁጥሩን በማውረድ ረገድ ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀራራቢ ናቸው። ምርጫውን የሚወስነው ሰውየው ከግፊቱ ሌላ ምን ሕመም አለበት፣ ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ የትኛውንስ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ማግኘት ይችላል የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ከሐኪም ጋር ለመመካከር ይረዳል፤ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ለመለወጥ ግን አይሆንም።

የሚለያዩበት ቦታ

ነገሩ የሚጀምረው ኩላሊት ውስጥ ነው። ግፊት ሲወርድ ወይም በሰውነት ውስጥ ጨው ሲያንስ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ሮበርት ቲገርስቴትና ፐር በርግማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በስቶክሆልም ከጥንቸል ኩላሊት ያወጡትን ጭማቂ በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ሲወጉት ግፊቱ ሲያሻቅብ አዩ። ሬኒን ጉበት የሚያመርተውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይቆርጥና አንጂዮቴንሲን አንድን ያወጣል። ይህ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ጉልበት የለውም። በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዛት የሚገኘው ኤሲኢ የተባለ ኢንዛይም ሲቆርጠው ግን አንጂዮቴንሲን ሁለት ይሆናል፤ ጉልበተኛው እሱ ነው።

አንጂዮቴንሲን ሁለት ሥራውን የሚሠራው ሴሎች ላይ ያሉ ተቀባዮችን በመያዝ ነው። ኤቲ አንድ የሚባለው ተቀባይ ሲያዝ የደም ሥር ይጠብባል፣ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ሰውየውም ይጠማዋል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይህ ሕይወት አዳኝ ነው፤ ብዙ ደም ለፈሰሰው ወይም ተቅማጥ ውሃውን ለጨረሰበት ሰው ግፊቱን ደግፎ የሚይዝለት ይኸው ሥርዓት ነው። እንዲያውም አንጂዮቴንሲን ሁለት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ጸድቋል፤ በከባድ ኢንፌክሽን ግፊታቸው ለወደቀ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች በደም ሥር ይሰጣል። ጉዳት የሚመጣው ሥርዓቱ ለዓመታት ሳይረግብ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ የኩላሊት ማጣሪያዎችም ይጠባሳሉ። ኤቲ ሁለት የተባለው ተቀባይ በአብዛኛው የዚህን ተቃራኒ ይሠራል፤ በጽንስ ላይ በብዛት ይገኛል፣ በአዋቂ ሰው ላይ ግን ጥቂት ነው።

በወፍጮ ቤት ብንመስለው፣ ፕሪል ትልቁን ወፍጮ ያቆማል፤ እህሉ ግን ወደ ሌሎች ትንንሽ ወፍጮዎች መሄዱ አይቀርም። ካይሜዝ የተባለው ኢንዛይም ከእነዚያ አንዱ ነው። ሳርታን ወፍጮዎቹን አይነካም፤ ዱቄቱ የሚገባበትን በር፣ ኤቲ አንድን፣ ይዘጋል። በሩ የተዘጋበት አንጂዮቴንሲን ሁለት በደም ውስጥ ይበዛና ወደ ኤቲ ሁለት ያመዝናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ስለዚህ ሳርታን ብልጫ ሊኖረው ይገባ ነበር። በወረቀት ያማረው ሁሉ በሰው ላይ አይደገምምና፣ 25,620 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ኦንታርጌት የተባለው ጥናት ቴልሚሳርታንን ከራሚፕሪል ጋር ሲያወዳድር የልብ ድካምን፣ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመከላከል ሁለቱን እኩል አገኛቸው። የተለያዩት በጎንዮሽ ጉዳት ነው።

ሳልና እብጠት

ኤሲኢ አንጂዮቴንሲንን ከመቁረጥ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ብራዲኪኒን የተባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ይሰባብራል። የመጀመሪያው ፕሪል የተገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ብራዚላዊው ሰርዥዮ ፌሬይራ ጃራራካ የተባለው የአገሩ እፉኝት መርዝ ብራዲኪኒንን ከመሰባበር እንደሚያድነው አሳየ፤ ከዚያ ተነስተው የአሜሪካ ኬሚስቶች ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ጸደቀ። የመጀመሪያው ሳርታን፣ ሎሳርታን፣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በ1995።

ፕሪል ሲወሰድ ብራዲኪኒን ይከማቻል። ጥቂት ሰው ላይ ይህ በመተንፈሻ ቱቦ ላይ ደረቅ ሳል ሆኖ ይወጣል። ከአሥር ሰው በግምት አንዱን ያገኘዋል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ከሚያጨሱ ይልቅ የማያጨሱትን ይበልጥ ያጠቃል። መድኃኒቱ በተጀመረ ማግስት ሊመጣ ይችላል፤ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። መጠኑን መቀነስ ብዙ አይፈይድም፣ የሳል ሽሮፕም አያስቆመውም።

እኛ አገር ይህ ሳል ተራ የጎንዮሽ ጉዳት ሆኖ አይቀርም፤ ብዙ መዘዝ አለው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ መመርመሩም ትክክል ነው። እንበል አንዲት የ58 ዓመት እናት ሦስት ወር የቆየ ሳል ይዘው መጡ። አክታ ተመረመሩ፤ የለም። ራጅ ተነሡ፤ ንጹሕ ነው። ሁለት ዙር ፀረ ተሕዋስያን ወሰዱ፤ ሳሉ እንዳለ ነው። ማታ ማታ ይብስባቸዋል፤ አክታ የለውም፤ ጉሮሮን እንደ መኮርኮር ያደርጋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ይጠይቃቸዋል፦

«እናቴ፣ ለግፊት የሚወስዱት ምንድን ነው?»

«ያቺ ጠዋትና ማታ የምውጣት ናት ልጄ፤ ከፋሲካ ወዲህ ነው የሰጡኝ።»

ከቦርሳቸው የሚወጣው የኢናላፕሪል እሽግ ነው። ሳሉ የጀመረው መቼ እንደሆነ ሲያሰሉት ከፋሲካ በኋላ ነው። መፍትሔው ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን አቁሞ በሳርታን መተካት ነው። ሳሉ በአብዛኛው ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል፤ አንዳንዴ እስከ ሦስት ወር ይጎትታል። ጥንቃቄው በሁለቱም በኩል ነው፤ ፕሪል የሚወስድ ሰው ሳል ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው ተብሎ የነቀርሳ ምርመራው መዘለል የለበትም። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ከሳሉ የሚከፋው የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ ድንገተኛ እብጠት ነው። ፕሪል ከሚወስዱ ሰዎች ከመቶ አንዱን እንኳ አይደርስበትም፤ ሲደርስ ግን የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከነጮች ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይበዛል። መድኃኒቱን ለዓመታት በሰላም የወሰደ ሰው ላይ ሊመጣ መቻሉ ነው አስቸጋሪው። «ስንት ዓመት የወሰድኩት መድኃኒት ነው፣ ከእሱ አይሆንም» ብሎ ማለፍ አይገባም። የአለርጂ መርፌዎች ለዚህ ዓይነቱ እብጠት ብዙም አይሠሩም። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠበት ሰው በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ከፕሪል ቤተሰብ የትኛውንም ዳግመኛ አይወስድም። ሳርታን ይህን የማስከተል ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ በሐኪም ክትትል ሊጀመር ይችላል።

በእኔ ግምት፣ ሁለቱም በእኩል ዋጋ ቀርበው «አንዱን ምረጥ» ቢባል፣ ይህ የእብጠትና የሳል ጉዳይ ብቻውን ሚዛኑን ወደ ሳርታን ለማጋደል ይበቃል። የእንግሊዝ መመሪያ የአፍሪካና የካሪቢያን ትውልድ ላላቸው ሰዎች ከፕሪል ይልቅ ሳርታን እንዲታሰብ ማለቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዋጋው እኩል ካልሆነ ግን ሌላ ሒሳብ ይመጣል።

ግፊት ብቻ ላለበት ሰው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው መልስ አለ። ስኳር የሌለበት፣ ኩላሊቱና ልቡ ደኅና የሆነ፣ ግፊቱ ብቻ ከፍ ያለ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ከሁለቱም ቤተሰቦች ላይሆን ይችላል። የደም ሥርን የሚያላላው አምሎዲፒን፣ ወይም ደግሞ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ሊቀድም ይችላል።

ምክንያቱ ሬኒን ነው። በብዙ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ግፊቱ የሚነሣው ጨው በመያዝ እንጂ በሬኒን ብዛት አይደለም፤ በደማቸው ያለው ሬኒን ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ነው። በዝቅታ ላይ ያለን ሥርዓት ማገድ ደግሞ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና ከ33,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ኦልሃት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ይህን በሚያስደነግጥ ሁኔታ አሳይቷል፤ ሊሲኖፕሪል ከወሰዱት ጥቁሮች ላይ ስትሮክ የደረሰው ክሎርታሊዶን የተባለውን የሚያሸና መድኃኒት ከወሰዱት 40 በመቶ በልጦ ነበር። በ2019 የታተመው ክሪዮል የተባለ ጥናት ደግሞ በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የሚኖሩ 728 ሰዎችን ጥንድ ጥንድ መድኃኒት ሰጥቶ አወዳደረ። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱም ጥንዶች እኩል ጥሩ ሠሩ፤ አንደኛው አምሎዲፒን ከፕሪል ጋር፣ ሌላው አምሎዲፒን ከሚያሸና ጋር ነበር። ወደ ኋላ የቀረው አምሎዲፒን የሌለበት ጥንድ ነው።

ከእነዚያ ስድስት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ አሜሪካዊ ጥቁር ሁሉ የሐበሻ ወኪል አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ አቅጣጫ ነው የምወስደው። አንድ ነገር ግን በሁሉም ጥናቶች ይደጋገማል፤ ፕሪል ወይም ሳርታን ከአምሎዲፒን ወይም ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲጣመር ያ ድክመት በአብዛኛው ይጠፋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ቴልሚሳርታንና አምሎዲፒን ያሉ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ እንክብል የያዙ ውሁዶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ጨምሯል። ሎሳርታን 50 ሚሊ ግራም ብቻውን ለወራት ሲወስድ ግፊቱ ያልወረደለት ሰው «መድኃኒቱ የተበላሸ ነው» ከማለቱ በፊት አጣማሪ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብሎ ይጠይቅ።

ስኳር፣ ኩላሊትና የሽንት ፕሮቲን

የስኳር ሕመም ኖሮ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ግን ጨዋታው ይለወጣል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች ግፊት ከማውረድ ያለፈ ጥቅም አላቸው። አንጂዮቴንሲን ሁለት ደም ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣበትን ጠባብ ሥር ይበልጥ ያጠብባል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጫናም ከፍ ይላል። መድኃኒቶቹ ያንን መውጫ ያላላሉ፣ ጫናው ይቀንሳል፣ ወደ ሽንት የሚያመልጠው ፕሮቲንም ያንሳል።

ማስረጃው በየቤተሰቡ ተከፋፍሏል። ለአንደኛው ዓይነት ስኳር የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1993 በካፕቶፕሪል ተገኘ። ለሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በአብዛኛው በአዋቂነት ለሚመጣው፣ ዋናዎቹ ጥናቶች የተሠሩት በሳርታን ነው። በ2001 የታተመው ሬናል የተባለው ጥናት ኩላሊታቸው የተጎዳ 1,513 የስኳር ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ሎሳርታን እስከ ዲያሊሲስ የሚያደርሰውን የኩላሊት መድከም በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። በዚያው ዓመት ኢርቤሳርታንም በ1,715 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጥቅም አሳየ። ስለዚህ በአዋቂነት ስኳር የያዘውና ሽንቱ ላይ ፕሮቲን የታየበት ሰው ከመጀመሪያው ሳርታን ቢጀምር ምርጫው በቂ መሠረት አለው።

መጠኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቆጠባል። ግፊቱ በሎሳርታን 50 ሚሊ ግራም ወርዶ ከሆነ «በቃ» ይባላል። ኩላሊትን ለመጠበቅ የታሰበው መጠን 100 ነው፤ ለኢርቤሳርታን 300። ሰውየው ከቻለው እስከዚያ መድረስ ተገቢ ነው።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በደም ምርመራ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬያቲኒን፣ እንዲሁም ፖታሲየም መለካት አለባቸው። ክሬያቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር ከላይ የተባለው ጫና መቀነሱን ስለሚያሳይ መድኃኒቱ አይቆምም። ከዚያ ካለፈ ወደ ኩላሊት ደም የሚያደርሱት ሥሮች በሁለቱም በኩል ጠበው እንዳይሆን ይፈተሻል። ፖታሲየም ከ5.5 በላይ ሲሆን መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። በዚህ በኩል ፕሪልና ሳርታን ልዩነት የላቸውም፤ ምርመራው የሚያስፈልገው ለሁለቱም ነው።

የልብ ድካም

ልቡ ደም የመርጨት አቅሙ ለቀነሰ ሰው ሚዛኑ ወደ ፕሪል ያጋድላል። ኢናላፕሪል እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት የመጨረሻ ደረጃ የልብ ድካም ከነበረባቸው 253 ሰዎች መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሚሞቱትን ከ44 በመቶ ወደ 26 በመቶ አውርዷል። በሕክምና ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም። ሳርታኖች እዚህ ላይ የመጡት ፕሪል ለማይስማማቸው ሰዎች ነው፤ ካንደሳርታንና ቫልሳርታን ጥሩ ማስረጃ አላቸው። ሎሳርታን በልብ ድካም ላይ 50 ሚሊ ግራም ያንሰዋል፤ በ2009 የታተመ ጥናት 150 ከ50 እንደሚሻል አሳይቷል።

ከሁለቱም የሚበልጠው አማራጭ ቫልሳርታንን ከሳኩቢትሪል ጋር ያጣመረውና በገበያ ኤንትሬስቶ የሚባለው ነው። በ2014 ከኢናላፕሪል ጋር ተወዳድሮ በልብ ምክንያት መሞትንና ሆስፒታል መተኛትን በ20 በመቶ ቀንሷል። አቅሙ ላለው ወይም ውጭ አገር በመድን ለሚታከም ሰው ሐኪሙን ቢጠይቅ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን ከኢናላፕሪል ወደ ኤንትሬስቶ ሲዛወሩ መካከል ላይ 36 ሰዓት ከሁለቱም ነጻ ሆኖ መቆየት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ያ የጉሮሮ እብጠት ሊመጣ ይችላል። ቀድሞ እብጠት የደረሰበት ሰው ኤንትሬስቶን ፈጽሞ አይወስድም።

ሁለቱን አንድ ላይ?

አይሆንም። ፕሪልና ሳርታን በአንድ ላይ የተሰጣቸው የኦንታርጌት ተሳታፊዎች የተለየ ጥቅም አላገኙም፤ ይልቁንም ግፊታቸው ከመጠን በላይ ወረደ፣ በደማቸው ያለው ፖታሲየም ከፍ አለ፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ከሁለት ሐኪም ሁለት ማዘዣ ይዞ የሚመጣ ሰው ላይ ይህ ይታያል፤ አንዱ ኢናላፕሪል ጽፏል፣ ሌላው ሎሳርታን። የሚወስዱትን እንክብል ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱና ያሳዩ።

እርግዝና

ነፍሰ ጡር ሁለቱንም አትወስድም። በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ ከተወሰዱ የጽንሱ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም፣ የሽርት ውሃው ሊደርቅ፣ ሕፃኑም ሊሞት ይችላል። በልጅነታቸው በቁርጥማት ትኩሳት ልባቸው ተጎድቶ ኢናላፕሪል የሚወስዱ ወጣት ሴቶች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ይህን ከማርገዛቸው በፊት ሊነገራቸው ይገባል። በእርግዝና ጊዜ ለግፊት ሜቲልዶፓና ኒፊዲፒን አሉ። ለምታጠባ እናት ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ይፈቀዳሉ፤ ሳርታን ግን ይታለፋል።

ከሳርታኖችስ የቱ?

ሎሳርታን በሰፊው የሚገኘው ነው። ራሱ ለአጭር ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ጉበት ለውጦት የሚያወጣው ንጥረ ነገር ግን ከእሱ ይበልጥ ይበረታል፣ ይበልጥም ይቆያል። እንዲህም ሆኖ አንዳንድ ሰው ላይ 24 ሰዓት አይሞላም፤ ጠዋት ከመውሰድ በፊት የሚለካው ግፊት ከፍ ካለ መጠኑን ከፍሎ ጠዋትና ማታ መውሰድ ይቻላል። ሌሎቹ ሳርታኖች የሌላቸው አንድ በጎ ጎን አለው፤ ዩሪክ አሲድን በሽንት ያስወጣል። ሪህ ላለበት ግፊተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቴልሚሳርታን ከሁሉም ረጅም ይቆያል፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 24 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። የሚወጣው በሐሞት በኩል ስለሆነ ኩላሊት ቢደክምም አይከማችም፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ግን ይጠንቀቅ። እርጥበት ይስባልና እስኪዋጥ ድረስ ከእሽጉ መውጣት የለበትም። የሳምንቱን መድኃኒት በትንሽ ሳጥን ከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ልብ ይበል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መውሰድ ለሚፈልግና መድኃኒት ለሚረሳ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው።

ካንደሳርታን ተቀባዩን አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም፤ ለልብ ድካም ይመረጣል፣ ማይግሬን ላለበትም ተጨማሪ ጥቅም አለው። ቫልሳርታን ከልብ ሕመም በኋላ ከካፕቶፕሪል እኩል መሥራቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል። ስሙ የጎደፈው በ2018 ነው፤ በቻይና የተመረተ ጥሬ ዕቃ ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ኬሚካል ተገኝቶ በብዙ አገሮች ከገበያ ተሰበሰበ። ጥፋቱ የአመራረቱ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። ኦልሜሳርታን ግፊትን በደንብ ያወርዳል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከባድ ተቅማጥና ክብደት መቀነስ ያስከትላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 አስጠንቅቆበታል። እኛ ዘንድ ይህ ጃርዲያ ወይም አሜባ ሊባል ይችላልና ኦልሜሳርታን የሚወስድ ሰው የማይቆም ተቅማጥ ሲይዘው የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ይንገር።

የማይስማሙ ጎረቤቶች

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የሁለቱንም ቤተሰቦች ሥራ ያደናቅፋሉ። የሚያሸና መድኃኒት ሲታከልበት ደግሞ ኩላሊት በሦስት በኩል ይመታል። የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛው እነዚህን ስለሆነ ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ተስፋፍቷል። ፓራሲታሞል ይሻላል።

ስፓይሮኖላክቶን በደም ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ለልብ ድካም ሆን ተብሎ አብሮ ቢታዘዝም ምርመራው መብዛት አለበት። ኮትሪሞክሳዞልም እንደዚሁ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ለመከላከያ በየቀኑ ሊወስዱት ስለሚችሉ፣ ግፊት ሲጨመርበት ሁለቱ ክሊኒኮች ተነጋግረው ማዘዝ አለባቸው። ለግፊተኛ ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮችም ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ ናቸው።

ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው፣ ወይም በረመዳን በሙቀት ቀን ጾሞ ራሱን የሳተ ሰው፣ ውሃው እስኪመለስ ድረስ ፕሪሉን ወይም ሳርታኑን ለአንድ ሁለት ቀን ማቆም እንዳለበት ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይስማማ። ያን ጊዜ ሰውነት ግፊቱን ለመደገፍ የሚጠራው አንጂዮቴንሲንን ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ በሩን ዘግቶበታል።

ሲጠፋና ሲተካ

ኢናላፕሪል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ በቀላሉም ይገኛል። ሳል ካላመጣበትና ካልተቸገረበት ሰው ላይ በስም ብቻ ወደ ሳርታን መዛወር ትርፉ ትንሽ ነው። ሦስት ወር ሳርታን ገዝቶ ሁለት ወር ከሚያቋርጥ ሰው፣ ኢናላፕሪልን ዓመቱን ሙሉ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጠበቃል።

ከኢናላፕሪል ወደ ሎሳርታን ለመዛወር የመቆያ ጊዜ አያስፈልግም፤ ዛሬ አንዱ ይቆማል፣ ነገ ሌላው ይጀመራል። የያዙት ሳርታን ከገበያ ጠፍቶ ሌላ ሳርታን ሲተካ በግምት የሚመጣጠኑት መጠኖች እነዚህ ናቸው፤ ሎሳርታን 50፣ ቫልሳርታን 80፣ ቴልሚሳርታን 40፣ ኢርቤሳርታን 150፣ ካንደሳርታን 8 ሚሊ ግራም። 80 ቫልሳርታን የነበረው ሰው 80 ቴልሚሳርታን ቢሰጠው ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መጠኑ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥር አይፈልጉ፣ አቻውን ይጠይቁ። አዲሱ መድኃኒት ሙሉ አቅሙን የሚያሳየው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መመለስ አያስፈልግም፤ ክሬያቲኒኑና ፖታሲየሙ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታዩ።